የእትዬ ዙልፋ አስተርጓሚ

ናጅዋ ነጅሙዲን የፈለገችው ፋርማሲ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት ስትጨርስ የትምህርት ክፍል ምደባ ተለጠፈ፤ ስሟን ያገኘችው ግን "ስፓኒሽ ቋንቋና ባህል" ከሚለው ሥር ነው። ጓደኞቿ እያቀፉ "አይዞሽ" አሏት። ምደባው ሳይሆን ይሄ ሐዘን የደረሰባት ይመስል "አይዞሽ" መባሉ ነው ያስለቀሳት።

ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ሸዋ ሮቢት ስትመጣ ወሬው ቀድሟት ገብቶ ነበር። ያገኛት ሁሉ "እና ምን ይሆናል እሱ?" ይላታል። አንዱ "እስፔን ልትሄጂ ነው?" ይላል፤ ሌላው "እዚህ ከማን ጋር ልታወሪው ነው?" ብሎ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅና ቤት ስትገባ ፊቷ ይጠቁራል።

አባቷ አቶ ነጅሙዲን የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ግን አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ "ይሄ የምትማሪው፣ የአንደሉስ አገር ሰዎች ቋንቋ ነው አይደል?" አሏት።

"አዎ አባ።"

"እንዲያ ከሆነ ዐረብኛ አይጠፋውም።"

"አይጠፋውም። ስኳርን አሱካር ይሉታል፣ ሩዝን አሮስ፣ ዘይትን አሴይቴ። አንድ ነገር ሲመኙ ደግሞ 'ኦሃላ' ይላሉ። 'አላህ ካለ' ከሚለው የመጣ ነው።"

አቶ ነጅሙዲን "ኦሃላ" የምትለዋን ቃል ወደዷት። በማግስቱ ገበያ ላይ ለማሾ ሻጮች ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ። ናጅዋ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቷን ወደድ አደረገችው። ሆኖም ቋንቋው ከብዷት ነበር፤ በተለይ ማዳመጡ። መምህሯ ወይዘሮ መሠረት ኩባ ተምረው የመጡ ሴት ናቸው። የመጽሐፉን የእስፔን አነጋገር ብቻ ማስተማር አልበቃ ብሏቸው፣ የኩባ ገበሬና የአውቶቡስ ሾፌር ሲያወራ የተቀዳ ድምፅ በየሳምንቱ ያሰሟቸዋል። "ኩባዎች በቃል መጨረሻ ያለችውን 'ስ' ይውጧታል፤ እናንተ ፈልጋችሁ አግኟት" ይላሉ። ተማሪው ያጉረመርማል። ከሁሉም አብዝታ የምታጉረመርመው ናጅዋ ነበረች።

ታዲያ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለች፣ ለእረፍት ስትመጣ ጎረቤታቸው ጋሼ ሙሀሲን ትዝ አሏት። ጋሼ ሙሀሲን የከብት ሐኪም ናቸው። ግመል የታመመበት፣ ፍየሎቹ ያስነጠሱበት ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። አባታቸው በሶማሊያው ጦርነት ሲሞቱ ገና በልጅነታቸው ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተልከው፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው ተምረው ነው የተመለሱት። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስለ ኩባ ሲናገሩ የሰማ ግን የለም።

ናጅዋ መጽሐፏን ይዛ ሄደች። ጋሼ ሙሀሲን ገጹን ጥቂት አዩት፤ ጣታቸው አንዱ መስመር ላይ ቆመ። ከዚያም መጽሐፉን ዘግተው መለሱላት።

"ጠፍቶኛል ልጄ። ብዙ ዘመን ሆነው።" ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "ዙልፋ፣ ለልጅቷ ፓፓያ ቁረጪላት።"

ናጅዋ ፓፓያውን በልታ፣ አመስግና ወጣች። ዳግመኛ አልጠየቀችም።

ሦስተኛ ዓመት የሴሚስተር እረፍት ላይ፣ ሙቀቱ ገና በጠዋት ሲጀምር፣ ከአውቶቡስ ወርዳ ቤት ስትደርስ እናቷ ሐምዲያ የሰላምታውን ነገር እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ፣ "ጋሼ ሙሀሲን ወድቀዋል" አሏት። "የከብት ክሊኒኩ በር ላይ፣ በሬ ሲያዩ ነው ዘፍ ያሉት። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። አፋቸውም..." እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አፋቸውም የሆነ ነገር ይናገራል፤ ሰው የሚሰማው ነገር ግን አይደለም።"

"እንዴት ማለት?"

"ጂን ነው የሚልም አለ። ሼሁ መጥተው ቁርኣን ቀርተውላቸው ነበር። እሳቸው ግን 'እኔ ያየሁት የታመመ ሰው ነው፤ ጂን አላየሁም፤ ከሐኪም እንዳታርቁት' ብለው ሄዱ። አላህ ይስጣቸው።"

እናትና ልጅ ወዲያው ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄዱ። ክፍሉ ታፍኗል። እትዬ ዙልፋ አልጋው ራስጌ ተቀምጠው በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሼ ሙሀሲን ግራ እጃቸውን እያወራጩ፣ እየፈጠኑ፣ እየተቆጡ ይናገራሉ።

"ስሚው እስቲ የኔ እናት" አሉ እትዬ ዙልፋ ናጅዋን ሲያዩ። "ስሜን ይጠራል። ዙልፋ፣ ዙልፋ ይላል። ከስሜ ቀጥሎ ያለው ግን አንዱም አይገባኝ። ምን በድዬው ይሆን እንዲህ የሚቆጣኝ?"

ጋሼ ሙሀሲን ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ጀመሩ። "ዙልፋ፣ ፖር ፋቮር! ላ ቬንታና!"

ናጅዋ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ጆሮዋን አላመነችም።

"እትዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "አልተቆጡም። 'እባክሽ መስኮቱን' ነው የሚሉት። ሙቀቱ አስጨንቋቸው ነው።"

እትዬ ዙልፋ አንዴ ናጅዋን፣ አንዴ ባላቸውን አዩ። ከዚያ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት። ጋሼ ሙሀሲን ረጅም ትንፋሽ አወጡና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ግራሲያ" አሉ።

መጽሐፉ ላይ "ግራሲያስ" ነው የሚለው፤ አመሰግናለሁ። የመጨረሻዋ "ስ" ተውጣለች። ናጅዋ ይህን ስትሰማ እነዚያ የጠላቻቸው የአውቶቡስ ሾፌሮች ሁሉ ትዝ አሏት። ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ መጣባት።

አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና በስፓኒሽ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ጋሼ ሙሀሲን ዐይናቸውን ገልጠው ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ እንደ ጎርፍ ለቀቁት። ናጅዋ ግማሹ አመለጣት። "ቀስ ይበሉልኝ ጋሼ" ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም ቀስ አሉ።

"በየትኛው ቋንቋ እየተናገሩ እንደሆነ ያውቃሉ?" አለቻቸው።

"በአማርኛ ነዋ!" አሏት፤ በስፓኒሽ።

"ጋሼ፣ አማርኛ አይደለም። ስፓኒሽ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሰማዎት የለም።"

ጋሼ ሙሀሲን ወደ ሚስታቸው ዞሩ። በኋላ የተናገሩትን ናጅዋ ለእትዬ ዙልፋ ስትተረጉም ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነበር። "'ውሃ ስጡኝ ስል ፊታቸውን ያዞራሉ። ስጣራ ዙልፋ ታለቅሳለች። ሞቼ ነው የማይሰሙኝ ብዬ ነበር' ነው የሚሉት።"

እትዬ ዙልፋ የባላቸውን እጅ ያዙና ግንባራቸውን በላዩ ደፉ። "አለህ" አሉት። "አልሞትክም፣ አለህ። ንገሪው ልጄ፣ አለህ በይው።"

"አማርኛውን ይሰማሉ መሰለኝ እትዬ። መናገሩ ነው ያቃታቸው።"

"ቢሆንም ንገሪው። በዚያም በዚህም ይስማው።"

ናጅዋ ነገረቻቸው።

ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ፍፁም ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣ። ሕመምተኛው ዝም ብለው የሚቀባዥሩ መስሎት ነበር። አሁን በናጅዋ በኩል የሚጠይቀው ሞላ። የቱ ጋ ያማል? ዐይን በየት በኩል ይጋርዳል? ጋሼ ሙሀሲን በቀኝ በኩል ያለው ሰው ሁሉ ግማሽ ሆኖ እንደሚታያቸው ተናገሩ። ውሃ ሲጠጡ ወደ አየር ቧንቧ እየገባ ትን እንደሚላቸውም ተናገሩ። ይህን ሲሰማ ዶክተር ፍፁም ፊቱ ተለወጠ፤ በኩባያ ማጠጣቱ ወዲያው እንዲቆም አዘዘ። "ይሄ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሊገድላቸው ይችል ነበር" አለ። የግፊት መድኃኒታቸውን ደህና ነኝ ብለው ማቋረጣቸውም የተሰማው ያን ጊዜ ነው። እትዬ ዙልፋ ባላቸውን በዐይናቸው ገረፏቸው፤ እሳቸውም እንደ ልጅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

"አእምሯቸው ደህና ነው" አለ ሐኪሙ። "የተጎዳው የንግግር ቦታው ነው። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንዳንዴ ሁለቱ እኩል አይጎዱበትም። አማርኛው ሊመለስ ይችላል፣ ተስፋ አለ። የጭንቅላት ምርመራ ግን ያስፈልጋቸዋል፤ ደብረ ብርሃን እንላካቸው። አንቺም ከቻልሽ አብረሽ ሂጂ።"

ናጅዋ እናቷን አየች። ወይዘሮ ሐምዲያ ከመጠየቃቸው በፊት ነጠላቸውን አውልቀው ለልጃቸው አደረቡላት። "ላይኛው አገር ብርድ ነው" አሏት።

አምቡላንሱ ዳገቱን ተያያዘው። ደብረ ሲና ሲደርሱ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። እትዬ ዙልፋ ለበሰ አልለበሰ እያሉ የባላቸውን እግር ይጠቀልላሉ። ጋሼ ሙሀሲን ከመንገዱ ዋሻ ወጥተው ብርሃን ሲያዩ መናገር ጀመሩ፤ ናጅዋም እየተከተለች ለእትዬ ዙልፋ ትተረጉማለች።

የኩባዋ ደሴት ላይ ሲደርሱ አንድ ቃል አያውቁም ነበር አሉ። ኖርማ የምትባል የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ልጆቹ ሁሉ ቲያ ኖርማ ይሏታል፣ አክስት ኖርማ ማለት ነው። እሳቸውን ሲያለቅሱ አግኝታ ወጥ ቤት አስገባቻቸው። እጃቸውን ዘርግታ ማንኪያ አኖረችበትና ስሙን ነገረቻቸው። ቀጥላ ጨው። ቀጥላ ብርቱካን። አንዴ ብቻ ትናገርና ትጠብቃለች፤ እሳቸው እስኪሉት ድረስ ሌላ አትጨምርም። ቋንቋውን ያወቁት ከክፍል በፊት በዚያች ሴት ወጥ ቤት ነው።

"እንዲህ ያለች ሴት እያለችህ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?" አሉ እትዬ ዙልፋ።

የጋሼ ሙሀሲን መልስ አጭር ነበር። ናጅዋ መተርጎሙ ከበዳት።

"'የእናቴን መሞት የነገሩኝ በዚህ ቋንቋ ነው' ይላሉ። 'አገሬ ስገባ እዚያው ልተወው ብዬ ነበር' ይላሉ።"

እትዬ ዙልፋ ባላቸውን በትከሻቸው ደግፈው እስከ ደብረ ብርሃን እንዲሁ ሄዱ።

የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ናጅዋ ኮሪደር ላይ ቆማ ለወይዘሮ መሠረት ደወለች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። "መምህር፣ ያን ማዳመጥ ባያስተምሩኝ ኖሮ አንዲት ቃል አልሰማም ነበር። በክፍል ሳጉረመርም ሰምተውኛል፤ ዛሬ ግን ላመሰግንዎት ነው የደወልኩት" አለች።

"እኔም እንደ እሳቸው እዚያች ደሴት ላይ ያደግሁ ነኝ" አሉ ወይዘሮ መሠረት። "እስቲ ስልኩን ስጫቸው።"

ናጅዋ ስልኩን በጋሼ ሙሀሲን ግራ ጆሮ ላይ ያዘችላቸው። ሁለቱ ምን እንዳወሩ ሁሉን አልተከተለችም፤ የትምህርት ቤቶች ስም፣ የወንዝ ስም፣ የአንድ ክፉ መምህር ቅጽል ስም መጣ፤ ከዚያ ሳቅ። ጋሼ ሙሀሲን ከወደቁ ወዲህ የሳቁት ያን ጊዜ ነው። ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነበር የሚስቀው፤ እሱም በቃ። እትዬ ዙልፋ ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

ሐኪሞቹ የሚቆረጥ የሚቀደድ የለም፤ መድኃኒትና ልምምድ ነው አሏቸው። ተመልሰው ቤት ሲገቡ እትዬ ዙልፋ ለማንም ሳይናገሩ ሥራቸውን ጀመሩ። ጠዋት ባላቸውን ግቢው ውስጥ ከጥላው ሥር ያስቀምጡና እጁን ዘርግተው ማንኪያ ያኖሩበታል። "ማንኪያ" ይላሉ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ጋሼ ሙሀሲን ያልባቸዋል፤ ከንፈራቸው ይታገላል። "ኩቻራ" ይላሉ በስፓኒሽ። እትዬ ዙልፋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አይደግሙም።

መጀመሪያ የመጣው "ጨው" ነው። ናጅዋ ከጎረቤት ሆና እልልታ ሰምታ ሮጣ ስትገባ እትዬ ዙልፋ ጨው የተዘረገፈበትን የባላቸውን መዳፍ ይዘው ያለቅሳሉ። ከጨው በኋላ "ሎሚ" መጣ፣ "በር" መጣ፣ ሩቅ አገር ያገባችው የሴት ልጃቸው ስም መጣ። ቃል እንጂ ዐረፍተ ነገር ግን አልመጣም።

ናጅዋ በየቀኑ ትሄዳለች። የማይመጣውን አማርኛ በስፓኒሽ ይነግሯታል፤ እሷ ትተረጉማለች። በዚያ እረፍት የተማረችው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ከተማረችው በለጠ። ስለ ሸንኮራ ቆረጣ፣ ስለ ባሕር ማዕበል፣ ዝናብ ሲመጣ ላሞች እንዴት እንደሚሰበሰቡ ነገሯት። ያሉትን ስትደግም ከተሳሳተች ግራ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሟታል። ጠፍቶኛል ያሉት ሁሉ አልጠፋም ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ዙልፋ ለብቻዋ ወደ ማድቤት ጠሯት። "እኔንም አስተምሪኝ" አሏት።

"ምን ላስተምርዎት?"

"ይሄንኑ ነዋ። እኔ ያገባሁት ከኩባ የመጣውን ሰው ነው። እዚያ የነበረውን ልጅ አላውቀውም። አንቺ ስትሄጂ ደግሞ ማን ይተረጉምልኛል?"

ናጅዋ ደስ እያላት ጀመረች። እትዬ ዙልፋ ፈጣን ተማሪ ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ቸኩሎ ይይዛል። ሰላምታውን፣ ውሃውን፣ ሕመሙን ለመዱ። "ራበኝ" የሚለውን ሲለምዱ ናጅዋ ደጋግማ አስጠነቀቀቻቸው፤ "'ቴንጎ አምብሬ' ነው እትዬ፤ 'አ' ብለው ይጀምሩት።"

በማግስቱ አቶ ነጅሙዲንም ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ሁሉም ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ምሳው ዘግይቷል። እትዬ ዙልፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በባላቸው ፊት ቆሙና ጮክ ብለው፣ "ቴንጎ ኦምብሬ!" አሉ።

ናጅዋ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ ሙሀሲን ለአፍታ ባለቤታቸውን አዩዋቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ከሆዳቸው ነው የመጣው።

"ምን አልኩ?" አሉ እትዬ ዙልፋ ደንግጠው። "ምን ብዬ ነው?"

"ራበኝ ሊሉ ፈልገው 'ወንድ አለኝ' ነው ያሉት እትዬ" አለች ናጅዋ።

አቶ ነጅሙዲን ወደ መሬት አቀረቀሩ፤ ጢማቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እትዬ ዙልፋ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ያኔ ጋሼ ሙሀሲን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ ቃሉን ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው፣ አንድ በአንድ ተናገሩ።

"እሱስ... አለሽ... ዙልፋ። የሚበላ... አምጡላት።"

በአማርኛ ነበር። ጋሼ ሙሀሲን ራሳቸው እንኳ የተናገሩትን የሰሙት ከሌላው በኋላ ይመስል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሁካታ ነው፤ አቶ ነጅሙዲን "አላሁ አክበር!" አሉ፣ እትዬ ዙልፋ በባላቸው እግር ሥር ተቀምጠው ይስቃሉ ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ግቢውን ሞላው። ምሳውን የሚያመጣው ጠፍቶ ሁሉም እየራበው ብዙ ቆየ።

ናጅዋ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ እትዬ ዙልፋ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። "አላህ ያስተማሩሽን ሁሉ ይማርልን፤ ያችን የወጥ ቤት ሴትም፣ በሕይወት ካለች ዓፊያዋን ይስጣት፣ ከሌለችም መልካሙን ይጻፍላት" አሉ። ናጅዋ "አሚን" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የትምህርት ክፍሏን ስም ለጠየቃት የጎን ተሳፋሪ ድምፅዋን ሳትቀንስ ነገረችው።

የመመረቂያ ጥናቷን ኩባ ስላደጉ ኢትዮጵያውያን አነጋገር እንድትሠራው ወይዘሮ መሠረት ፈቀዱላት። የመጀመሪያው ተናጋሪ ጋሼ ሙሀሲን ናቸው። አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። ክሊኒኩ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡና ለወጣቶቹ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ሲደክማቸው ቃሉ ያመልጣቸውና የፍየሉን በሽታ በስፓኒሽ ይናገራሉ፤ ወጣቶቹም ይህንኑ ለምደውታል።

ሰሞኑን ደወሉላት። ሰላምታውን በስፓኒሽ ጀምረው፣ ስለ ዝናቡ በአማርኛ ቀጥለው፣ ለጥናቷ የሚሆን የድሮ የልጆች ጨዋታ ትዝ እንዳላቸው እየነገሯት ሳለ እትዬ ዙልፋ ከኋላ ስልኩን ነጠቋቸው።

"ኦላ፣ ናጅዋ! ኮሞ ኤስታ?" አሉ።

"እንዴት ነሽ" ሲሉ እንደ ኩባዎቹ የ"ኤስታስ"ን "ስ" ውጠዋታል። ናጅዋ አላረመቻቸውም። ደህና መሆኗን በስፓኒሽ መለሰችላቸው፤ የእናቷንም የአባቷንም ጤንነት ጠየቀቻቸው። ስልኩ ሲዘጋ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ተማሪው ሲወጣ ሲገባ እያየች ጥቂት ቆየች። ማንን አስቀድማ እንደምታመሰግን አላወቀችም ነበርና "አልሐምዱሊላህ" ብላ ሁሉንም በአንድ ላይ አመስግና ወደ ክፍሏ ገባች።